ጣናን በጀልባ ለባልና ሚስት፦ ከባሕር ዳር እስከ ደቅ የሦስት ቀን ጉዞ እንዴት ይሰናዳል

ባሕር ዳር የሚመጡ ጥንዶች አብዛኞቹ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደርሰው በግማሽ ቀን ይመለሳሉ። ደግ ነው። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ደሴቶቹም 37 ናቸው ይባላል። በግማሽ ቀን አይጠገብም። ሁለት ሌሊት አድራችሁ ከደሴት ደሴት ማለት ካማራችሁ፣ እኔና ባለቤቴ የምንሰናዳው እንዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት የሰላሙን ሁኔታ አጣሩ። በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሐይቁ ላይ የሚውሉትን ባለጀልባዎች በመነሻችሁ ዋዜማ ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ካሏችሁ ቅሩ፤ ጣና የትም አይሄድም።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ግንቦት ላይ ውኃው ስለሚሸሽ መውረጃው ጭቃ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መስመሩ። የክብራን ገብርኤል፣ የዳጋ እስጢፋኖስና የጣና ቂርቆስ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። መጀመሪያ የወጣን ጊዜ ይህን ሳላጣራ ክብራንን አስቀደምኩ። እኔ ገብቼ ስሳለም፣ ባለቤቴ ነጠላዋን ከፀሐይ መከላከያ አድርጋ ጀልባው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀችኝ። ምንም አላለችኝም፤ እኔን ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ መስመሩን ሁለታችሁም በምትገቡባቸው ቦታዎች ላይ ሥሩ፦ ደብረ ማርያም፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ። ሦስት ቀን በደንብ ይሞላሉ።

ከባለጀልባው ጋር ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ነዳጁ በማን ነው? ሲጠብቃችሁ የሚውልበትስ ይታሰባል? የእሱ አዳርና ምግብስ? ይህን ሳይቋጩ መነሳት ደሴት ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል። የሕይወት አድን ጃኬቱን እዚያው ለብሳችሁ፣ ማሰሪያው መሥራቱን እዩ። «አለ፣ ከሥር ነው» የሚል መልስ አይበቃም።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። የሚጠጣ ውኃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጋቢ፣ አጎበር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለደቅ ደግሞ ትንሽ ድንኳን። ለሴት ረጅም ቀሚስና ነጠላ የግድ ነው። ዳርቻው ላይ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ ብልሃርዝያ አለ።

አንድ ሕግ ደግሞ ሳትሸራርፉ ጠብቁ፦ ጀልባ በጠዋት ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ የሚጠልቀው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባውን እያነሳ ይጥለዋል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሌላ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት መሬት ያዙ።

በመጀመሪያው ቀን ደብረ ማርያምን ተሳለሙ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚያው አጠገብ ነው። ጉማሬ ካያችሁ ባለጀልባው እንዲርቅ ንገሩት፤ ለፎቶ ብላችሁ «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት። ከዚያ ወደ ዘጌ። ከወደቡ እስከ ዑራ በቡና ጥላ ሥር በእግር ትሄዳላችሁ። መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ። ማታ ከዳርቻው ወርዳችሁ ከደንገል የተሠሩትን ታንኳዎች እዩ። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ቀዛፊው ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙት ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ደንገሉ በጥቂት ወራት ስለሚበሰብስ ሌላ ይታሰራል።

በሁለተኛው ቀን ማልዳችሁ ወደ ደቅ። ይህ ረጅሙ መንገድ ነው፤ ከዘጌ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ያዙለት። ዳር እየራቀ ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስፈራል። ባለቤቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ የያዘችው እዚህ ነው። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ውስጥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉትን ሴት ፈልጉ። እቴጌይቱ ራሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ያሠሩ ንግሥት፣ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍተው! እኛ ዝም ብለን ብዙ ቆምን።

ለአዳር አባቶችን ቀርባችሁ «ይፍቱን አባታችን» በሉና ከገዳሙ ቅጥር ውጭ የት ድንኳን መትከል እንደሚቻል ጠይቁ። የሚያሳዩአችሁን ቦታ አትለውጡ። ሲመሽ አጎበሩን ዘርጉ፤ ወባ አለ።

ሦስተኛው ቀን መመለሻ ነው። ሲነጋጋ ተነሱ፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባሕር ዳር ለምሳ ትደርሳላችሁ። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እዘዙ፣ ባለጀልባውንም አብሯችሁ እንዲበላ ጥሩት።