ቦክሱ «ጨው አነሰ» ካለ፣ ጆንያውን ከመፍታታችሁ በፊት

ቦክስ የምለው በመዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ካለው ጨው ክሎሪን የሚሠራውን መሣሪያ ነው። ስለሱ ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ጠዋት ነው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፤ ቤቱ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «የፑሉ ቦክስ ጨው አነሰ ይላል። አንድ ጆንያ ጨመርን፣ አሁንም አነሰ ይላል። ሌላ እንጨምር?» እኔም የምለው አንድ ነው፦ እባካችሁ ጆንያውን አስቀምጡት።

ፓምፑ መሥራቱን፣ ቅርጫቱና ፊልተሩ መጽዳታቸውን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ቦክሱ ጨው አይቀምስም። ሴሉ፣ ማለትም ውሃው የሚያልፍበትና ክሎሪኑ የሚሠራበት ክፍል፣ ውስጥ ባሉት ስስ የታይታኒየም ዝርግ ብረቶች መካከል ኤሌክትሪክ ይለቃል። ምን ያህል እንዳለፈ ያያል፣ የውሃውን ሙቀት ያገናዝባል፣ ከዚያ የጨውን መጠን ያሰላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ነገር ሁሉ ለቦክሱ «ጨው አነሰ» ነው። ሴሉ ቢቆሽሽም፣ ውሃው ቢቀዘቅዝም፣ ሶኬቱ ቢዝግም ያው ነው።

ጨው ደግሞ በፀሐይ አይተንም። ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ጨው ይሆናል። ከገንዳው የሚወጣው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። ብዙ ውሃ ካልወጣ ጨው ሊያንስ አይችልም።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ

የጨው መለኪያ ወረቀት ግዙ። ውሃውን ክንዳችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ፣ የተጣራው ውሃ ወደ ገንዳው ከሚመለስበት ቧንቧ ራቅ ብላችሁ ቅዱ። ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ አድርጉና ወረቀቱን አቁሙት። ውሃው እየሳበ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለው መስመር ሲጠቁር ነጩ ጫፍ የደረሰበትን ቁጥር አንብቡ፣ ወረቀቱ የመጣበት ጠርሙስ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ሰንጠረዡ የዚያው ጠርሙስ ይሁን፤ የሌላው አይሆንም።

የመጠጥ ውሃ መለኪያዋን እስክሪብቶ መሳይ ዕቃ ይዛችሁ አትምጡ። እሷ የምትቆጥረው ጨውን ብቻ ሳይሆን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ነው። የጉድጓድ ውሃ ላይ ታሳስታለች።

ብዙ ቦክሶች ከ2,700 እስከ 3,400 ፒፒኤም (በአንድ ሊትር ውሃ ያለ ሚሊግራም ጨው) ባለው መካከል ይሠራሉ። የእናንተን መመሪያው ላይ እዩ።

ወረቀቱ 3,200፣ ቦክሱ 2,300 ሲል

ከአሥር ጥሪ ሰባት ስምንቱ ይሄ ነው። ሴሉ ኖራ ይዟል።

የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ታቹን እዩ። ያ ነጭ ቅርፊት ሴላችሁ ውስጥም አለ። ከከተማ ወጣ ያሉት ግቢዎች ብዙዎቹ ገንዳቸውን የሚሞሉት በጉድጓድ ውሃ ወይም በቦቴ ነው፤ ያ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየም አለው። ሴሉ ሲሠራ አንደኛው ብረት አጠገብ ያለው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው ቁጥር) ከፍ ይላል፣ ካልሲየሙም እዚያው ይጋገራል። የገንዳው ፒኤች ራሱ ከ7.8 በላይ ከሆነማ ሴሉን በየወሩ ማጠብ ነው።

ለገጣፎ አንድ ግቢ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ገንዳው 60,000 ሊትር ይይዛል። ደርሼ «እትዬ፣ ስንት ጆንያ ጨመራችሁ?» አልኳቸው። «ሦስት ነው ልጄ። ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ብለን እኮ ነው» አሉኝ። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ ነው። ሴሉን ፈታሁት። በብረቶቹ መካከል ጠመኔ የተሞላ ይመስላል፤ ሁለቱ ጋ ከዳር እስከ ዳር ተያይዟል፣ ብርሃን አያሳልፍም። አጥቤ መለስኩት። ቦክሱ ያኔ እውነቱን ተናገረ፦ 5,700። ጨው ከልክ በላይ ነው ብሎ ራሱን አጠፋ። ሦስቱ ጆንያ የጨመሩት 2,500 ስለሆነ ውሃው መጀመሪያም 3,200 ነበር ማለት ነው።

ጨው የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ያለን መንገድ ውሃ መድፋት ነበር። 26,000 ሊትር ደፍተን በሦስት ቦቴ ሞላን። ያውም በመጋቢት፣ ጎረቤት ለመጠጥ ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ወቅት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ሴሉን ፍቱና በውሃ ቱቦ አጥቡት፣ የላላው ይውጣ። ቅርፊቱ ስስ ከሆነ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ወፍራም ከሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ አንድ እጅ አሲድ ለአራት እጅ ውሃ። የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ውሃው ይቅደም፣ አሲዱ በላዩ ይጨመር። ተገላቢጦሹን ካደረጋችሁ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ደጅ ላይ ሥሩ። ሽቦውና ሶኬቱ አይንከሩ። አረፋው ሲቆም አውጡት። ከ15 ደቂቃ አታሳልፉ፤ አሲዱ ከኖራው ቀጥሎ የሚበላው የብረቱን ቅብ ነው።

በረኪና በነካ ባልዲ ፈጽሞ አትጠቀሙ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የባትሪ አሲድም አይሆንም። ሰልፈሪክ ነው፣ ከካልሲየሙ ጋር ሆኖ ሌላ ድንጋይ ይሠራል።

ቢላና ካቻቢቴ ደግሞ ከሴሉ ይራቁ። ሰበታ አንድ የግቢ ሠራተኛ በቅንነት ሲፍቅ አገኘሁት። ብረቶቹ የመስታወት ያህል ያበራሉ። ያ የተፋቀው ጥቁር ቅብ ነበር ክሎሪን የሚሠራው። አዲስ የነበረ ሴል በአንድ ጠዋት አለቀ።

አጥባችሁ ስትጨርሱ የገንዳውን ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 አድርጉት። ይሄን ካልነካችሁ ከወር በኋላ እንገናኛለን።

ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ

ብርድ ነው። ውሃ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ 2 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቦክሱ ይሄን እንዲያስተካክል ሙቀት መለኪያ ተሰጥቶታል፤ መለኪያው ከተበላሸ ግን 3,200ው 2,600 ሆኖ ይታያል። ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ክተቱና ቦክሱ ከሚለው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ መለኪያውን ቀይሩ። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ጠዋት 14 ዲግሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ብርድ ብዙ ቦክሶች ሆን ብለው ክሎሪን መሥራት ያቆማሉ። ብልሽት አይደለም፣ ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁ።

ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ

ሴሉ ውስጥ አየር አለ፤ የፓምፑን ክዳን ጎማ እዩ። ወይም የሴሉ ሶኬት አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ አጽዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቤን ያስጨንቀኛል። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ቦክሱ «ውሃ አያልፍም» ሲል የፍሎው ስዊቹን፣ ማለትም ውሃ ማለፉን ለቦክሱ የሚነግረውን ማብሪያ፣ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ያገናኘዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሴሉ ከክሎሪን ጋር ሃይድሮጂን ይሠራል። ውሃ ቆሞ ሴሉ ከሠራ ጋዙ ይጠራቀማል፣ ይፈነዳልም። ልጆች የሚዋኙበት ግቢ ነው! የተጠመዘዘ ሽቦ ካያችሁ ዛሬውኑ አስፈቱት።

እውነትም ጨው ሲያንስ

በክረምት ገንዳው በዝናብ ሞልቶ ሲፈስ ጨው አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱም ቦክሱም ዝቅ ካሉ ያኔ ጨምሩ። ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ጨው 1,000 ፒፒኤም ያወጣል። ለ60,000 ሊትር ገንዳ ከ2,700 ወደ 3,200 ለመድረስ 30 ኪሎ ነው። ሴሉን አጥፍታችሁ በጥልቁ በኩል በትኑ፣ ፓምፑ 24 ሰዓት ይሥራ፣ ከዚያ ለኩ። በነጋታው ከመለካታችሁ በፊት ድጋሚ አትጨምሩ።

ያልታጠበ ጥሬ ጨው ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጭቃ አለው፣ ወለሉን ያጠቁራል። ንጹሕ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ፈልጉ።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ዝቅ ካለ

ውሃው 3,200፣ ሴሉ ንጹሕ፣ ውሃው ሞቃት፣ ሶኬቱ ደህና ሆኖ ቦክሱ አሁንም 2,200 ካለ ሴሉ አርጅቷል። ጥሩ ሴል 10,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ በቀን 8 ሰዓት ከሆነ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ግድም ነው። ቅቡ የሳሳ ርካሽ ሴል ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሲያልቅ አይቻለሁ። ስትገዙ የቦክሱን ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ የሌላ ቦክስ ሴል ቢገጥምም ስሌቱ ስለሚለይ ቁጥሩ ይሳሳታል። አሮጌውን ሴል አሳዩ፣ አዲሱን ከጎኑ አድርጋችሁ የብረቶቹን ብዛት ቁጠሩ። ካነሰ አትቀበሉ።