የድሮው ፕሮግራም ዊንዶውስ 11 ላይ እምቢ ሲል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ መጋላ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወይም የሰው ሒሳብ የምትይዙ ወደ 11 ስትሻገሩ ጥያቄው አንድ ነው፦ የለመድነው ፕሮግራም ይሠራ ይሆን? አብዛኛው ይሠራል። እምቢ የሚለው ግን ሥራ ያስቆማል። ስለዚህ ሁሉንም ሳትሞክሩ አሮጌውን ማሽን አትሽጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ።

ምልክት፦ የአማርኛው ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆነ

በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። የዓመታት ውልና አቤቱታ ድንገት የማይነበብ ይሆናል። አይዟችሁ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የተለያዩ ቋንቋዎች ፊደላት ለየራሳቸው ቁጥር የሚያገኙበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ያ ፎንት አዲሱ ማሽን ላይ ከሌለ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል።

ጽሑፉን ምረጡና ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን እዩ። ፎንቱ ባይጫንም ስሙ እዚያ ይታያል። ያንኑ ፎንት ከአሮጌው ማሽን የፎንትስ ፎልደር ቀድታችሁ አዲሱ ላይ ጫኑ። ወደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ መቀየር አይረዳም፤ እነሱ አማርኛን የሚያሳዩት በዩኒኮድ ሲጻፍ ብቻ ነው። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙባቸውን የውል ቅጾች ግን ጊዜ ወስዳችሁ በዩኒኮድ ጻፏቸው። ያለበለዚያ ፋይሉን በቴሌግራም የላካችሁለት ደንበኛም ስልኩ ላይ ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው የሚያየው።

ምልክት፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም" ይላል

ፒችትሪ ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሰርቪስ አለው። ያ ካልተነሳ ፒችትሪም አይነሳም። ዊንዶውስ ውስጥ ሰርቪስስ የሚለውን ክፈቱ፣ ፐርቫሲቭን ፈልጉ፣ ስታርት በሉት፤ አነሳሱንም አውቶማቲክ አድርጉት። አሁንም ካልሆነ ፋየርዎሉ ወይም አንቲቫይረሱ አግዶት እንደሆነ እዩ። የካምፓኒውን ፎልደር ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። በፒችትሪ በራሱ ባካፕ ያዙ፣ ፍላሽ ላይም አስቀምጡ፣ አዲሱ ማሽን ላይ መልሳችሁ ሒሳቡ ልክ መሆኑን አመሳክሩ።

ምልክት፦ ገና ሲጫን "ይህ ፕሮግራም እዚህ ፒሲ ላይ አይሠራም" ይላል

ፕሮግራሙ ወይም መጫኛው ባለ 16 ቢት፣ ማለትም ለጥንቱ ዊንዶውስ የተሠራ፣ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ ባለ 32 ቢቱን ያስኬዳል፣ ባለ 16 ቢቱን ግን አይቀበልም። ፕሮግራሙን በድሮ ዊንዶውስ ላይ እንዳለ አስመስሎ የሚያስኬደው ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ እዚህ ጋ አያድናችሁም። ወይ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በቨርቿልቦክስ ውስጥ የድሮውን ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ጫኑ፣ ወይ አሮጌውን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለዚያ ሥራ ብቻ አቆዩት።

ምልክት፦ ፕሪንተሩ ተሰክቶ አያትምም

ባለ 32 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) 64 ቢት ላይ አይሠራም። ለሞዴሉ የተሠራውን ባለ 64 ቢት ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። አንዳንድ አሮጌ ሞዴል ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ለአዲስ ኮምፒውተር ብር ከመክፈላችሁ በፊት የፕሪንተራችሁን ሞዴል ይዛችሁ ሂዱና ድራይቨሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈልጉ።