በቀቀን ላባዋን ስትነጭ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ከጎጆዋ ሥር እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚበንን ግራጫ ለስላሳ ላባ ተበትኖ አገኘሁ። ሱካር መቆሚያ እንጨቷ ላይ ሆና የደረቷን ላባ በምንቃሯ ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ሥሩን ታኝክና ትጥለዋለች። በነቀለች ቁጥር አጭር ጩኸት ታሰማለች። እያመማት ነው፤ ግን አታቆምም።

ሱካር አክስቴ ካርቱም ሲኖሩ ያሳደጓት ግራጫ አፍሪካዊ በቀቀን ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር አክስቴ የቤት ዕቃቸውን ጥለው፣ የእሷን ጎጆ ብቻ ተሸክመው በመተማ በኩል ጎንደር ገቡ። ሦስት ወር ሳይሞላ የወፏ ደረት ለወጥ እንደ ተሰናዳ ዶሮ ራቁቱን ቀረ። ያየ ሁሉ «ቅማል ነው» አለን። ከአንድ ሱቅ ለዶሮ ቅማል የሚሸጥ ዱቄት ገዝቼ ነሰነስኩባት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስነጥስና ስታለከልክ ሰነበተች። ያንን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው እፈልጋለሁ። በቤት ውስጥ ብቻዋን የምትኖር በቀቀን በቅማል ወይም በቅንቅን ምክንያት ላባዋን የምትነጨው እምብዛም ነው። ትኩሳት የወባም የሳንባ ምችም ምልክት እንደሚሆን ሁሉ ላባ መንጨትም የብዙ ችግሮች የጋራ ምልክት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ወፏን ይጎዳል እንጂ አያድናትም።

መጀመሪያ የተራቆተው የትኛው ቦታ ነው?

ከሁሉ በፊት ጭንቅላቷን ይመልከቱ። በቀቀን የራሷን ጭንቅላት በራሷ ምንቃር መድረስ አትችልም። ደረቷ፣ ጭኗና የክንፏ ሥር ተራቁቶ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ላባ ሙሉ ከሆነ የምትነጨው ራሷ ናት። ጭንቅላቷም ከተመለጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ወይ አብራት ያለችው ወፍ ትነጫታለች፣ ወይ የላባና የምንቃር በሽታ የሚባለው የቫይረስ ሕመም ይዟታል። ይህ ቫይረስ አዲሱን ላባ ጠማማና የተቆረጠ ያስመስለዋል፤ ከወፍ ወደ ወፍም በኩስና በላባ ብናኝ ይተላለፋል። ስለዚህ ከሌሎች ወፎች ነጥለው ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ላባ መቀየር በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ወፍ አሮጌውን ላባ ከግራና ከቀኝ ተመጣጥኖ ታረግፋለች፣ በምትኩም በነጭ ሽፋን የተጠቀለለ እሾህ መሳይ ለጋ ላባ ይበቅላል፤ ቆዳዋ ግን ራቁቱን አይታይም። ወለል ላይ ላባ ስላዩ ብቻ አይደንግጡ፤ ቆዳዋን ካዩ ግን አይዘግዩ።

የወደቀውንም ላባ አንስተው ይዩት። ከነሥሩ ከወጣና የላባው መብቀያ ቀዳዳ ካልተጎዳ በሳምንታት ውስጥ መተካት ይጀምራል። ሥሩ ቆዳዋ ውስጥ ቀርቶ ጫፉ ብቻ ታኝኮ ከሆነ ግን ያ ጉርድ እስኪረግፍ ድረስ አዲስ አይመጣም፤ ይህ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ወፏ መንጨት ካቆመች በኋላም «አልተሻላትም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ላባ ከመንጨት ጋር ሌላ ሕመም ካለ

ክብደቷ ከቀነሰ፣ ኩሷ ወደ አረንጓዴ ከዞረ ወይም ከቀጠነ፣ ዓይኗ ካለቀሰ፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ካስመለሳት፣ የቤት ውስጥ ዘዴ መሞከርዎን ትተው ሐኪም ያማክሩ። የጉበት ሕመም ያሳክካል፤ የአንጀት ተሕዋስያንም እንዲሁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የሚያማክሩት ሐኪም የዕለት ሥራው ከብትና ዶሮ ቢሆን እንኳ የኩስና የደም ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ። የሦስት ቀን ኩሷን፣ የምትበላውን ሁሉ ዝርዝርና ላባዋን የምትነጭበትን ሰዓት ጽፈው ይዘው ቢሄዱ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ ያቀሉለታል።

አንድ ነገር ለራስዎም ይጠንቀቁ። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ፤ በደረቀ ኩስ ብናኝ ይገባል። ጎጆውን ከመጥረግዎ በፊት በውኃ ያርጥቡት፣ አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። እርስዎን ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዘዎ በቤትዎ በቀቀን እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩት።

የሽቦውንም ነገር አይርሱ። እዚህ ብረታ ብረት ቤት አሠርተን የምንወስደው ጎጆ ብዙ ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ነው። በቀቀን ቀኑን ሙሉ ሽቦ ታኝካለች፤ ዚንኩ በሰውነቷ ሲጠራቀም ይመርዛታል፤ ላባ መንጨትም አንዱ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን በአቼቶና በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። አቅም ካለዎ የማይዝግ ብረት ይሻላል።

ምግቧ ሱፍና ኦቾሎኒ ብቻ ከሆነ

ላባዋ የደበዘዘና በቀላሉ የሚሰበር፣ ቆዳዋ የሚቀረፍ ከሆነ ሳህኗን ይመልከቱ። ሱካር ካርቱም የኖረችው በሱፍና ሱዳኖች «ፉል ሱዳኒ» በሚሉት ኦቾሎኒ ነበር። የቅባት እህል ቫይታሚን ኤና ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ግራጫ በቀቀን ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ በካልሲየም እጥረት ትጠቃለች። ኦቾሎኒ ሲሻግት የሚፈጠረው መርዝ ጉበት ስለሚጎዳ ትንሽ እንኳ የጠቆረ ወይም የሚሸት ፍሬ ካዩ ሁሉንም ይጣሉት።

ለበቀቀን ተብሎ የተዘጋጀ መኖ እዚህ ገበያ አላገኘሁም፤ የእህልና የአትክልት ተራ ያለው ግን ይበቃል። የተቀቀለ ሽምብራና ምስር፣ ዳጉሳ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ የቀላ ቃሪያ። ቃሪያው አያስጨንቅዎ፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም፣ ሱካር ፍሬውን ለይታ ነው የምትበላው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀውና ፈጭተው ይነስንሱላት። ኑግ ከኛ አገር ወጥቶ በዓለም ሁሉ የወፍ ምግብ ሆኖ ይሸጣል፤ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ግን ከቁንጥር አይለፍ። አቮካዶ በፍጹም አይስጧት፤ ይገድላታል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው የበዛበት ወጥና ሽንኩርትም እንዲሁ አይቅረቧት። ምግቡን በአንድ ቀን አይለውጡባት፤ በቀቀን ያላወቀችውን ከምትበላ ተርባ ብትውል ትመርጣለች። እኛ ሱፉን ከማኪያቶ ብርጭቆ ሙሉ ወደ አንድ ማንኪያ ለማውረድ ሁለት ወር ፈጅቶብናል።

ካልሲየም ያለ ፀሐይ አይሠራም፤ በመስታወት ያለፈ ፀሐይ ደግሞ ቫይታሚን ዲ አይሰጣትም። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ጎጆዋን ወደ ግቢ ያውጡት፤ ግማሹ ጥላ ይሁን፣ እርስዎም ከአጠገቧ አይራቁ፤ ድመትና ጭልፊት አይታመኑም።

የጎንደር በጋና የቡናው ጭስ

ግራጫ በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደን ወፍ ናት። የኛ በጋ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደረቅና አቧራማ ነው፤ ቆዳዋ ይደርቃል፣ ያሳክካታል። አዲስ መርጫ ጠርሙስ ገዝተው (መድኃኒት ወይም ቅባት የነበረበት አይሁን) ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንደ ካፊያ ይርጩባት። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት ከረጩባት ሳትደርቅ የማታው ብርድ ይደርስባታል፣ ራቁት ወፍ ደግሞ ብርድ አትችልም።

ጭሱ ግን ከድርቀቱ ይብሳል። የወፍ ሳንባ አየርን ከኛ በበለጠ ስለሚጠቀም በአየሩ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ቡና ስንቆላ፣ ዕጣን ስናጤስ፣ ከሰል ስናቀጣጥል እኛ የምንደሰትበት ሽታ ለእሷ ሳንባና ቆዳ ሸክም ነው። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ከፋቸው፤ ካርቱም ቡና የሚያፈሉት አጠገቧ ተቀምጠው ነበርና። ረከቦቱን በረንዳ ላይ ካወጣን በኋላ ግን የሱካር ማስነጠስ በሳምንት ውስጥ ቆመ። የማያጣብቅ መጥበሻም ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አልባ ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ወፍ ይገድላል፤ ጎጆው ከማእድ ቤት ይራቅ።

ብቸኝነትና ሥራ ማጣት

ሐኪሙ ጤነኛ ናት ካለ፣ ምግቡም አየሩም ተስተካክሎ መንጨቷ ካልቆመ፣ ቀሪው ነገር ልቧ ነው። ብዙ ባለቤት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በደጋችን ዛፎች ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች አሉ። ቆመው ይመልከቷቸው። ብቻውን የሚውል የለም፤ ቀኑን ሙሉ እየተጠራሩ የሾላና የጽድ ፍሬ ይፈልጋሉ፣ ይፈለፍላሉ፣ ቅርፊት ይልጣሉ። እኛ ቤት ያለችው ግን ምግቧን በሳህን አግኝታ በሩብ ሰዓት ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሰዓትና ያ ብርቱ ምንቃር ምን ይሥራ? ያገኘው የራሷን ላባ ነው።

ሱካር ደግሞ አገሯን፣ የለመደችውን ክፍልና ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥታለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት አክስቴ ከቤት በወጡ ቁጥር በእሳቸው ድምፅ «ተዓል! ተዓል!» (ና! ና!) እያለች በዓረብኛ ትጣራ ነበር። ማንም ሳይመጣ ሲቀር ዝም ትላለች። ከዚያ መንጨት ትጀምራለች። ሰዓቱን መመዝገብ ስጀምር ነው ይህ የገባኝ፦ ከምትነጭበት ጊዜ አብዛኛው አክስቴ በወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነበር።

ያደረግነው ይህ ነው። ምግቧን በሳህን መስጠት ተውን፤ ሽምብራውን በበቆሎ ልጣጭ ጠቅልለን፣ ዳጉሳውን በቆረቆንዳ ቀዳዳ ጠቅጥቀን፣ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልንላት። በተመራማሪዎችም ዘንድ ምግብን በፍለጋ የሚያገኙ በቀቀኖች ላባ መንጨታቸው እንደሚቀንስ ታይቷል። አክስቴ ደግሞ ስፌት ያውቃሉ። ቀለም ያልነካው ስንደዶና አክርማ ይዘው ከጎጆዋ አጠገብ ይቀመጡና የቡና ሲኒ የምታህል ሙዳይ ይሰፉላታል። ሱካር እየተንጠለጠለች ወስፌው ሲገባና ሲወጣ ትከታተላለች። ያለቀችውን ሙዳይ ስትቀበል መጀመሪያ ታሸታታለች፣ ከዚያ ከክዳኗ ጀምራ ዙር በዙር ትተረትራታለች። የሁለት ቀን ስፌት በግማሽ ቀን ያልቃል። አክስቴም ሌላ ይጀምራሉ።

ስትነጭ አይጩኹባት፣ ሮጠውም አይሂዱላት። ሁለቱም ያው ናቸው፤ «ላባ ስነቅል ሰው ይመጣል» ብላ ትማራለች። ዝም ብለው ሌላ ክፍል ሆነው ያፏጩ፣ ወደ ሌላ ነገር ስትዞር ያኔ ገብተው ያመስግኗት። ከቤት ሲወጡም አጭር መውጣት ያለማምዷት፦ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፤ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት የስንብት ቃል።

«ጓደኛ ግዙላት» የሚሉም ነበሩ። አዲሷ ወፍ በሽታ ልታመጣባት ትችላለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙም ሁለት የምትነጭ ወፍ ይኖርዎታል። ግራጫ በቀቀንን ከጫካ አጥምዶ በዓለም ገበያ መነገድም እ.ኤ.አ. በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ታግዷል፤ በየመንደሩ የሚዞር የወፍ ነጋዴ ከየት እንዳመጣት አይታወቅም።

እንቅልፍና ማሻሸት

በቀቀን በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ርዝመት ያለው ጨለማና ጸጥታ ትፈልጋለች። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት በሚጮህበት ቤት የምታድር ወፍ ነጭናጫ ብትሆን አይፈረድባትም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጸጥ ወዳለ ክፍል ወስደው በስስ ነጠላ ይሸፍኗት።

በተወሰነ ወቅት ብቻ ደረቷንና ጭኗን የምትነጭ፣ ጨለማ ጥግ የምትፈልግ ከሆነ የመራባት ስሜት ነው። ካርቶንና ሣጥን ያንሡባት፤ ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር አያሻሿት፣ ጭንቅላቷን ብቻ ይኩኩላት።

ደም ካዩ

ለጋ ላባ ደም አለበት፤ ሲሰበር ይፈሳል። የበቆሎ ዱቄት ቆንጥረው ቦታው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫን ብለው ይያዙ። በአሥር ደቂቃ ካልቆመ፣ ወይም ከላባው አልፋ ሥጋዋን መብላት ከጀመረች፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉ። የአንገት መከለያ የሚደረግላት ያኔ ብቻ ነው፤ ቁስሉን ከምንቃሯ ይጠብቃል፣ ምክንያቱን ግን አያነሣም።

ሱካር የመጀመሪያውን ለጋ ላባ ያበቀለችው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ደረቷ ዓመት ሳይሞላ ተሸፈነ፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ነጭታዋለች፣ አንዱ አክስቴ ታመው በተኙበት ሳምንት ነበር። ከግራ ክንፏ ሥር ያለው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ስለተነቀለ መብቀያው ሞቷል፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደማይበቅል ነግሮናል። ብርድ በሚበረታበት ማታ አክስቴ ነጠላውን ሲሸፍኑባት በግራ በኩል አንድ ጊዜ አጥፈው ይደርቡታል።