መኝታ ያለው ጭነት መኪና ከውጭ ለማስገባት ላሰባችሁ

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ከጀርመን ደወለ። «አጎቴ፣ አሮጌ መርሴዲስ ገዛሁ። ከኋላው መኝታም ምድጃም አለው። ጮቄ ላይ እናድርበታለን።» እኔ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ከናፍታ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ሞተሩ አልነበረም። «ጉምሩክን ጠይቀሃል?» አልሁት። ዝም አለ።

ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው። እናንተ ጭነት መኪና ትሉታላችሁ፤ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ግን ውስጡ መኖሪያ የተሠራለት መኪና ከጭነቶቹ ከ8704 ሳይሆን ከሰው ማጓጓዣዎቹ ከ8703 ነው የሚመደበው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመትና የውስጡን ፎቶ አቅርባችሁ፣ ይገባል አይገባም የሚለውን ከጉምሩክ በጽሑፍ ተቀበሉ። የትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣላችሁ ወኪል) «ችግር የለም» ወረቀት አይደለም። ይገባል ቢባል እንኳ ሒሳቡ ይደራረባል፤ ቀረጡ የሚሰላው የመርከቡና የኢንሹራንሱ ወጪ ዋጋው ላይ ተደምሮ ነው፣ በዚያ ላይ ኤክሳይዝ አለ (መኪናው ባረጀ ቁጥር ይከብዳል)፣ ቫት 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ።

ብረቱን ስታዩ ከሥር ጀምሩ። ጀርመኖች በክረምት አስፋልት ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ሻንሲ ይበላል። ከሥሩ ትኩስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበትን በመዶሻ ምቱት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። አድብሉ (የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ፈሳሽ) የሚጠጣ ዩሮ 6 የሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ሞተር ይቅርባችሁ፤ ፈሳሹ አልቆ ቡሬ ላይ ኮምፒዩተሩ ቢቆልፍባችሁ ማን ይፈታዋል? በመካኒካል ፓምፕ የሚሠራውን የድሮውን ባለ 6 ሲሊንደር ግን እኛም እንፈታዋለን። ጎማውንም አስቡ፤ ሲኖትራክ የሚያደርገው ባለ 20 ሪም 12.00 እኛ ዘንድ ሞልቷል፣ የአውሮፓ ወታደር መኪና ሰፊ ጎማ ግን ከየትም አታመጡት። ቀኝ መሪ አትግዙ።

ፍሬኑን አደራ። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ መኖሪያ የተጫነበት መኪና ደግሞ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሻጩ ፊት አየሩን ሙሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ጌጁን ተመልከቱ። ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። የሞተር ፍሬኑም መሥራቱን አረጋግጡ፤ ቁልቁለቱን የምትወርዱት በእሱና በከባድ ማርሽ ነው፣ ፔዳል ላይ ተቀምጦ የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎማው ሲጨስ አይቻለሁ።

ኮንቴይነር ውስጥ አይገባም፣ ከፍታው አይፈቅድለትም፤ እየተነዳ በሚገባበት መርከብ እስከ ጅቡቲ ይመጣል። ከመስጠታችሁ በፊት ብርድ ልብሱንም ጋዙንም አውጡ፣ የቀረውን ፎቶ አንሱ።

የእኅቴ ልጅ መኪና እስከ ዛሬ እዚያው ጀርመን አንድ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ያድርበታል አሉ።