ያገለገለች ማንዋል መኪና ሲገዙ ፍሪሲዮኗን በዳገት ይፈትኑ

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ፣ ከአነስተኛ ክሮስኦቨሮች (ከመሬት ከፍ ካሉ የቤት መኪኖች) መካከል ማንዋሏን መምረጥ እኔ በበኩሌ ተገቢ ይመስለኛል። ችግሩ ያገለገለች ሲገዙ ነው፤ ያለቀ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) በሜዳ ላይ በቀላሉ አይታወቅም።

ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጭር ያለ ዳገት ፈልገው፣ በ4ኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ፣ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ይጫኑት። የሞተር ዙር መቁጠሪያው ቀስት ሽቅብ ተስፈንጥሮ ፍጥነቱ ግን ባለበት ከቀረ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መንከስ አቅቶት እየተንሸራተተ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማ ላይ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ዙሩ በራሱ ቶሎ ስለሚወጣ ይህ ልዩነት ይሰወራል።

እንደ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ መቀነሱ የማይቀር ነው። መኪናዋ ዳገቱን እያዘገመች ብትወጣም ዙሩና ፍጥነቱ እኩል እስከሄዱ ድረስ ፍሪሲዮኗን አይጠርጥሩ፤ ሻጩም በዚህ ሰበብ ዋጋ መቀነስ የለበትም።

ፈተናውን ግን አይደጋግሙት፤ የሚንሸራተት ዲስክ በጥቂት ሙከራ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ደግሞ ወዲያውኑ እግርዎን ያንሡ።