የስኳር መለኪያ መመሪያ በአማርኛ፦ ቃሉ ልክ ሆኖ ሰው ሲሳሳት

የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ መመሪያ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ጣጣው ያለው ቃሉ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ነው።

ችግር፦ ጠዋት መለካት ያለበት ሰው ከምሳ በኋላ ይለካል።
ምክንያት፦ እንግሊዝኛው ጠዋት 8 ሰዓት ይላል። ተርጓሚው "በ8 ሰዓት" ብሎ አለፈ። ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማመሳከርም አያድንም፤ 8 ሄዶ 8 ሆኖ ይመለሳል።
መፍትሄ፦ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ይባል፤ መሣሪያው ላይ 8:00 እንደሚነበብም ይጠቀስ። በባዶ ሆድ ለማለት ከሆነ ግን ሰዓቱን ትቶ "ቁርስ ሳይበሉ" ማለት ይበቃል።

ችግር፦ ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን መለኪያ ቁራጭ)። ብልቃጡ 2026-09 ይላል። በ2018 የሚኖር ሰው "ገና 8 ዓመት አለው" ብሎ ያስቀምጠዋል። መመሪያው "እ.ኤ.አ." ይበል፤ ምሳሌም ይስጥ፦ ይህ ማለት እስከ መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ፋርማሲስቱ ሲሸጥ በእስክሪብቶ ቢጽፍበት ደግሞ እሰየው።

ችግር፦ 5.6 አይቶ ደንግጦ ስኳር የሚቅም ሰው።
ምክንያት፦ መሣሪያውን ዘመድ ከለንደን ልኮታል፤ እዚያ የሚለካው በሚሊሞል ነው። የአማርኛው ወረቀት "ከ70 በታች ከሆነ ጣፋጭ ይውሰዱ" ይላል፤ በሚሊግራም መሆኑን ግን አይናገርም። 5.6 በ18 ሲባዛ 101 ገደማ ነው። ሰውየው ምንም አልሆነም።
መፍትሄ፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያው ይጻፍ፦ 70 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም 3.9 ሚሊሞል በሊትር።

ችግር፦ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሃይ" ሲል ሰው ዝም ይላል። ሰላምታ ይመስላላ! መሣሪያው ግን ስኳሩ ልለካው ከምችለው በላይ ሆኗል እያለ ነው፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ600 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ማለት ነው። "ሎ" ተቃራኒው ነው።
መፍትሄ፦ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እንደሚታየው በስዕል ይቀመጥ። ከጎኑ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ለ"ሃይ"፦ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይድገሙ (ማንጎ የነካ ጣት ቁጥሩን ያንረዋል)፤ ያው ከሆነ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለ"ሎ"፦ ወዲያው ጣፋጭ ይውሰዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይስጡ፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ከመታተሙ በፊት ወረቀቱንና መሣሪያውን ለአንድ ታማሚ ሰጥቶ ዝም ብሎ ማየት ነው። "ገባዎት?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ማን "አልገባኝም" ይላል? እጁ የቆመበትን መስመር አስምረው እሱን እንደገና ይጻፉት።