የአያትን ውጅግራ ለግድግዳ ማዘጋጀት

እኔ ዘንድ የሚመጣው ውጅግራ፣ ያ የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ታሪኩ ብዙም አይለያይም። ሽማግሌው ያርፋሉ፣ ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ ቆጥ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ያገኙታል፣ አንዱ ይዞት ይመጣና «አዲስ አስመስልልኝ፣ ሳሎን ልሰቅለው ነው» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ፈቃዱን ነው። አሮጌ ነው ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩን ከፖሊስ ጋር ሳይጨርሱ መነካካት ጣጣ ያመጣል።

ቀጥሎ ባዶነቱን ማረጋገጥ ነው፤ ሰው የሚጎዳው «ባዶ ነው» የተባለው መሣሪያ ነውና። መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት፣ በዝገት ተጣብቆ ከሆነ አትታገሉት። ከፊቱ ዞር ብላችሁ ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ እስኪቆም ስደዱ፣ አፉ ጋ ሲደርስ እንጨቱ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጋር አስተያዩት። እንጨቱ የመዝጊያው ራስ ጋ ሳይደርስ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ካጠረ ጥይት ጎርሷል ማለት ነው። እዚያው ተዉትና ባለሙያ ጥሩ።

አሁን ወደ ዝገቱ። በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ያናድደኛል! በውጅግራው፣ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሞዴል በሆነው፣ ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት በስሱ ነው የተቀረጸው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ጠቆር ያለው ቡናማ ያረጀ ዝገት ነው፣ አይጎዳም፣ ይቆይ። ጣት ላይ እንደ በርበሬ የሚቀረው ቀይ ዱቄት ግን ብረቱን እየበላ ነው። የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት፣ ያድር፣ በማግስቱ እጅግ በደቀቀ የብረት ሱፍ ሳትጫኑ አሹት። የድሮ ባሩድ ጥላሸት ጨው አለበት፣ እርጥበትም ይስባል፤ ዘይት ስለማያሟሟው የአፈሙዙን ውስጥ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ወዲያው አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ቅቤና ሞራ አይሆኑም፣ ከርመው ይደርቁና ይጣበቃሉ።

የጎደለ ብሎን ወይም ቀለበት ከሌላ ውጅግራ ፈልጉ። የክፍሎቹ ቁጥር ባይገጥም አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ በተጠገነ መሣሪያ ላይ ያለ ነገር ነው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ከታሰረ ጠፍሩን እንዳትቆርጡት። እርጥብ ቆዳ ጠምጥሞ ሲደርቅ እንዲያጠብቀው ያደረገው የአገር ባለሙያ ነው፤ ለእኔ ከፋብሪካው ማህተም አያንስም። እንጨቱን ትንሽ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ፣ በቃ።

4 ኪሎ ከምናምን ስለሆነ ተራ ምስማር አይችለውም፤ ሁለት ጠንካራ ማንጠልጠያ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። ብረቱ የሚያርፍበትን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከማድቤት ጭስ ይራቅ። መዝጊያውን ደግሞ አውጥታችሁ ቁልፍ ባለው ሣጥን ለብቻው አስቀምጡ፤ ክረምት ሊገባ ሲል ሁለቱንም ዘይት በነካ ጨርቅ አበስ አበስ አድርጓቸው።